አጋዘኖቹ ከኮረብታ ሲወርዱ

ባለፈው ቅዳሜ የበዓል በግ ልገዛ ጎንደር ገበያ ወጥቼ በፍየሎቹ በኩል ሳልፍ አንድ ጺማም አውራ ፍየል በገመድ ታስሮ ይንቆራጠጣል። ወቅቱ ደርሶበታል። ያ የሽንትና የላብ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ «ጋሼ፣ በጎቹ በዚህ ናቸው» ይለኛል። እኔ ግን ጎንደር አልነበርኩም። ከገዳሪፍ ወዲህ ባለ የእሾህ ጥሻ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታኝ፣ የትልቁን አውራ አጋዘን ሽታ እያሸተትኩ ነበር። አጠገቤ መሣሪያ የያዘ ሰው ተኝቷል። እሱ አጋዘኑን ያድናል፤ እኔ እሱን።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እኛ የቆላ ልጆች ነን። ያደግነው ከድንበሩ ብዙም በማይርቅ፣ ክረምት መንገዱ የሚዘጋበት፣ በጋ ምድሩ የሚሰነጠቅበት አገር ነው። አባታችን አዳኝ ነበር። ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ በሬም መሬትም አላወረሰንም፤ ያወረሰን ዱካ ማንበብ ነው። «አውራ አጋዘን ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው» ይለን ነበር። «ከጥሻው አይወጣም፤ ከሴቶቹ ጋር አይውልም። ዝናቡ አልፎ የስሪያው ወራት ሲመጣ ግን ያብዳል። ከኮረብታ ይወርዳል፤ መብሉን ይረሳል፤ አንገቱ ያብጣል፤ ቁጥቋጦውን በቀንዱ ይገነጣጥላል። ያን ጊዜ እሱን አትፈልጉ። ሴቶቹን ፈልጉ፤ እሱ ራሱ ይመጣላችኋል።»

አባታችን ሲሞት ወንድሜ ድንበሩን ተሻግሮ ካርቱም ገባ። ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ለአንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሰውዬውን ሁሉም «ሙዲር»፣ አለቃ፣ ነበር የሚለው። ሙዲሩ አደን ይወዳል። ከአደንም የአጋዘን ቀንድ፣ ከአጋዘንም አውራ አውራውን። ዘበኛው ዱካ የሚያውቅ መሆኑን ሲሰማ ዝናቡ ባለፈ ቁጥር ወደ ገዳሪፍ ኮረብታዎች ይዞት መሄድ ጀመረ። ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እንጃ። የመንግሥት ሰው ሲያይ መሣሪያውን በፍራሽ ይጠቀልለው እንደነበር ግን በኋላ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ዓመት ወንድሜ ስልክ መደወል አቆመ። አብረውት አንድ ክፍል ለሚኖሩት ልጆች ደወልንላቸው። «ሂሳቡን ተቀብሎ ወደ ሊቢያ ሄደ ብለው ከአሠሪው ቤት ነገሩን» አሉ። እናቴ አመነች። በመንደራችን የስልክ መስመር የሚይዘው ጉብታው ላይ ካለችው ቁርቁራ ሥር ብቻ ነበር። ስልኩን ቅርንጫፉ ላይ ትሰቅልና ጥጥዋን እየፈተለች ከሥሩ ትውላለች። ሰው ሲጠይቃት «ባሕሩ ላይ መስመር የለም ይባላል» ትላለች።

እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። በበረሃ የሚሄዱትን ልጆች «ሞትን በገንዘባቸው ይገዛሉ» እያለ የሚቆጣ ሰው ነበር። ተነሥቼ ካርቱም ገባሁ።

ኦምዱርማን፣ ወንድሜ በነበረበት ክፍል ውስጥ፣ እሱ ይተኛበት በነበረው የገመድ አልጋ ላይ ተኛሁ። ደህናው ጫማው ከአልጋው ሥር ነበር። ሊቢያ የሚሄድ ሰው ጫማውን ትቶ ይሄዳል? ጧት ጧት በድልድዩ በሚያልፈው አውቶቡስ ተጠቅጥቄ ዐማራት የሚባል ሰፈር እወርዳለሁ፤ እዚያ አንድ የሐበሻ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። ከዓባይ ላይ የሚመጣው የጭቃ ሽታ፣ የባጃጁ ጡሩምባ፣ አቧራው ውስጥ ቢጫ ሆኖ የሚወጣው ፀሐይ አሁንም ይመጣብኛል። ዛሬ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ ሰው ምን እንደሆነ እንጃ።

ለገባ ለወጣው ሐበሻ ሁሉ ስለ ወንድሜ እጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ቶብ የለበሰች ሴት ገብታ ሻይ አዘዘችና ሳትጠጣው ታየኝ ጀመር። የወሎ ሰው ናት፤ በሙዲሩ ቤት ወጥ ቤት ነው የምትሠራው።

«የሱ ወንድም ነህ» አለችኝ። «ጆሮህ እሱን ነው። ጥያቄህን አቁም። ዐርብ ኦምዱርማን ገበያ፣ ቅመም ተራ ና።»

ዐርብ ሄድኩ። በከረጢት በተከመረው ከርከዴና ቅርንፉድ መካከል ቆመን ገዢ እየመሰልን አወራን።

«መኪናውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ከአደን ሲመለሱ በሩ ሲከፈት ሙዲሩና ሾፌሩ ብቻ ወረዱ። የኋላው ወንበር ሁሉ ደም ነው፤ ደርቆ ጠቁሯል። ምንድነው ብል ሾፌሩ ‹የአጋዘን ደም ነው› አለኝ። በጎማ ውሃ እየለቀቅኩ አጠብኩት። ስጨርስ ነው የገባኝ። አጋዘኑ የታለ? ቀንድ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ቆዳ የለ።»

«ከዚያስ እታለም?»

«ከዚያ ሙዲሩ ለእንግዶቹ ሲያወራ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ሰማሁት። አውራው ሆዱን ተመትቶ ጥሻ ገባብኝ አለ። ሐበሻውን ላክሁት አለ። ‹መሣሪያውን ስጠኝና ልግባ ብሎ ለመነኝ፤ እኔ መሣሪያዬን ለማንም አልሰጥም፤ በቢላው ገባ› አለ። አጋዘኑ ጭኑን ቀደደው አለ።»

«እንግዶቹ ምን አሉ?»

«ስለ ቀንዱ ርዝመት ጠየቁት።»

የት እንደቀበሩት አታውቅም፤ መቅበራቸውንም አታውቅም። በእሷና በወንድሜ መካከል ምን እንደነበር አልጠየቅኳትም። ስትነግረኝ ከአንዱ ከረጢት ያነሣችውን ቅርንፉድ በጥፍሯ ትሰባብር ነበር። እንባ አልነበራትም። ስንለያይ እጇን ጨበጥኳት፤ እጄ እስከ ማታ ቅርንፉድ ሲሸት ዋለ።

«እቤቱ አስገቢኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርገው?»

«ዱካ ልመራው።»

«ኢንሻአላህ» አለች፤ ለምርቃት ሳይሆን ለመሐላ በሚባልበት አባባል።

ሙዲሩ ሳሎኑ ውስጥ ተቀበለኝ። አየር ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፤ ግድግዳው ሁሉ ቀንድ ነው። ወፍራም፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። በገዛ እጁ ሻይ ቀዳልኝ። ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ክፋቱ ፊቱ ላይ ይኖራል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ አመለጠኝ» አለኝ፤ የግድግዳውን ባዶ ቦታ እያሳየ። «ወላሂ፣ እስካሁን እንቅልፍ ይነሣኛል።»

ይህን ሲል ስለ አጋዘኑ ነው። ስለ ወንድሜ ቃል አልወጣውም። ብርጭቆውን ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ የአባቴን ትምህርት ነገርኩት፤ ሴቶቹን እንደምንከተል፣ አውራው በስሪያው ወራት እንዴት እንደሚታወር። ዓይኑ አበራ። ገና ከኮረብታው ሳንደርስ ሙዲሩ እንደ አውራው ወርዶልኝ ነበር።

ዝናቡ እንዳለፈ ከሾፌሩ ጋር ሦስት ሆነን ወጣን። ቀኑን ሙሉ ነዳን። የማሽላው ማሳ አልፎ መሬቱ መጎበጥ ሲጀምር፣ ያደግኩበት አየር፣ የደረቀ ሣርና የሙጫ ሽታ፣ በመስኮቱ ገባ። ልቤ ደስ ይለዋል ብዬ ፈራሁ። አልተደሰተም። ወንድሜ በዚህ መንገድ ሲሄድ በየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ብቻ ነበር የማስበው። ሾፌሩ ዝምተኛ ሱዳናዊ ነው። ድንኳን ስንተክል ካስማውን እያቀበለኝ «ፊትህ አንድ ሰው ያስታውሰኛል» አለ። «ማንን?» አልኩት። ሌላ ካስማ አንሥቶ መታ።

ጧት ጧት ገና ጤዛው ሳይነሣ እኔና ሙዲሩ እንወጣለን። አመድ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ነበር፤ ነካ ሳደርገው የሚበንነው አመድ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግረኛል። የሴቶቹን ዱካ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ አገኘሁ፤ ጠባብ፣ የተጠጋጋ፣ የግልገል ኮቴ የተቀላቀለበት። ሁለት ትንንሽ ወንዶች አየን። ሙዲሩ ሊተኩስ ሲል እጁን ያዝኩት። «እነዚህ ልጆች ናቸው። ትልቁ ሲመጣ ይሸሻሉ። ታገሥ።» ታገሠ። እንደ ተማሪ ይታዘዘኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጧት ምልክቱ ሁሉ በአንድ ላይ መጣ። አንድ የግራር ቁጥቋጦ ከሥሩ ተመንጭቆ፣ ልጡ እንደ ጨርቅ ተቀዶ፣ ፈሳሹ ገና ያዣል። መሬቱ በቀንድ ተገልብጧል። ከሴቶቹ ዱካ ላይ የወደቀ ሌላ ኮቴ አለ፤ ሰፊ፣ ከፊት በኩል የተከፈለ፣ ከክብደቱ የተነሣ አሸዋውን ሰርስሮ የገባ። ያ ሽታም ነበር። ወንድሜ ቢያየው «ይኸውልህ አባትየው» ብሎ ጢሙን ይዳብስ ነበር። ተንበርክኬ ኮቴውን በመዳፌ ሸፈንኩት። ሙዲሩ ከጉጉት መስሎት ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝ።

በሆዳችን ተሳብን። ሴቶቹ ከጥሻው ዳር ቅጠል ይበጥሳሉ። ትልቁ ድንገት ከመካከላቸው ብቅ አለ። አንገቱ አብጦ፣ የጉሮሮው ጺም ተንዠርግጎ፣ ቀንዱ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰማይ የሄደ፤ አፍንጫውን ወደ አንዷ ሴት ዘርግቶ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ይከተላታል። እኛን ቢያየንም የሚገደው አይመስልም ነበር። እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በደንብ ላነጣጥርለት፣ ጥይቱ በትከሻው ሥር እንዲገባ ልነግረው እችል ነበር። ዝም አልኩ። ሙዲሩ እንደ ልማዱ ቸኩሎ ተኮሰ።

አውራው በጀርባው ተለምጦ ዘለለና ጥሻው ውጦት ሄደ። ደሙን አየሁት፤ ጠቆር ያለ፣ የታኘከ ቅጠል የተቀላቀለበት። ሆዱን ነው።

«ያላ፣ ግባ ጨርሰው» አለኝ ሙዲሩ።

«በምን?» አልኩና ቢላዬን መዝዤ አሳየሁት።

ቢላውን ሲያይ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ባለፈው ዓመት ያደረገው ትዝ እንዳለው ገባኝ። ትንሽ አመነታና መሣሪያውን ዘረጋልኝ። ለወንድሜ የነፈገውን ለእኔ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ከእኔ ያነሰ ንዴት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልቡ ይራራ ነበር።

«ቅደም» አልኩት።

«ምን?»

«ደሙን ተከተልና ቅደም። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ቃጣው። አፈሙዙን ሲያይ ተወው።

«ባለፈው ዓመት እዚህ የላክኸው ሐበሻ የእናቴ ልጅ ነው» አልኩት።

ከንፈሩ ደረቀ። የምትፈልገውን እሰጥሃለሁ አለ፣ ልጆች አሉኝ አለ፣ የአላህን ስም ጠራ። ከዚያ የማደርገው ከፊቴ ላይ ሲነበብ ዞሮ ገባ። ነጭ ጀለቢያው በእሾሁ ይያዛል፤ ይላቅቃል፤ ይሄዳል። ትንፋሹን እሰማለሁ። ወንድሜ እንደዚህ ነበር የሄደው እያልኩ፣ እንደዚህ ነበር ልቡ የመታው እያልኩ፣ በየእርምጃው ደስ እያለኝ ተከተልኩት። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አጋዘኑ ጀርባውን ለኩይሳ ሰጥቶ፣ አንገቱን አጎንብሶ ቆሞ ነበር። ሙዲሩ ሲያየው ጮኸ። ያ ጩኸት ጠራው። ሲመጣ አየሁት፤ ጣቴ ቃታው ላይ ነበር፤ አልሳብኩም። በዳሌው ሰቅሎ ወረወረው። ጀለቢያው አየር ላይ ተዘርግቶ ወረደ። አውራው እንደገና ቀንዱን ሲያዘነብልበት ያን ጊዜ ተኮስኩ። ስላዘንኩለት አይደለም። የምጠይቀው ጥያቄ ስለነበረኝ ነው።

አጋዘኑ በጉልበቱ ወድቆ ዝም አለ። ወደ ሰውዬው ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«የት ቀበራችሁት?»

«አልቀበርነውም።»

እግሬን ዳሌው ላይ አሳረፍኩ። ጮኸ።

«ስንተወው ነፍሱ ነበረች» አለ። «ሆስፒታል ብንወስደው ፖሊስ ይጠይቀን ነበር። ከደረቁ ወንዝ ማዶ መንደር አለ። እዚያ አንዲት አሮጊት ዘንድ አስተኝተነው... ማእለሽ፣ ልጄ፣ ማእለሽ።»

ማእለሽ! አውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ሲረግጡ የሚሉት ቃል ነው። አፈሙዙን ግንባሩ ላይ አደረግኩ። ያን ጊዜ ሾፌሩ የተኩሱን ድምፅ ሰምቶ እያለከለከ ደረሰ። ሁለታችንንም አየ። አልጮኸም፤ አልለመነም።

«ብትገድለው እጅህን አልይዝም» አለኝ። «ወንድምህን በክንዴ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም። የተውነበትን ቤት ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ና ላሳይህ።»

አፈሙዙን ያወረድኩት ለዚህ ነው። ሰውዬውን ተሸክመን ወንድሜ በተኛበት የኋላ ወንበር ላይ ጫንነው። ከመንደሩ ዳር እኔ ወረድኩ። ሾፌሩ «እሱንስ?» አለኝ። «አለቃህ ነው፣ ያንተ ጉዳይ ነው» አልኩት። መኪናው አቧራ አንሥቶ ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ሄደ። የወሎዋ እታለም በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ ሙዲሩ ተርፏል፤ በሁለት ከዘራ ነው የሚሄደው። አልከሰሰኝም፤ ምን ብሎ ይከሰኛል? እኔም ይቅር አላልኩትም። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ፣ ልጅ አሳድጌ፣ ዛሬም አላልኩትም።

መንደሩ ጥቂት የሣር ጎጆዎች ናቸው። አሮጊቷ ከደጇ በቆመ የሣር ዳስ ሥር ተቀምጣ ባሚያ ትከትፋለች። ሁሉም «ሀቦባ» ይሏታል፤ አያት ማለት ነው። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ቢላዋን አስቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

መቃብሩ ከጎጆዋ ጀርባ፣ ከአንዲት ግራር ሥር ነበር። ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ዙሪያው ተጠርጓል። መጥረጊያዋ ግንዱ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ክርስቲያን መሆኑን ስነግራት ደነገጠች፤ «እኛ በእኛ ሥርዓት አጥበን ገነዝነው፤ እንግዳ ነው ብለን» አለች። ደግ አድርጋችኋል አልኳት። ከመቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ንዴት ወዴት እንደሄደ አላውቅም። እጄን አፈሩ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። አፈሩ በፀሐይ ሞቋል፤ የሰው ጀርባ ይመስል ነበር።

አሮጊቷ አጠገቤ ተቀመጠችና ትነግረኝ ጀመር። ወንድሜ እዚያው ዳስ ሥር አንድ ሌሊት አድሮ ነው የሞተው። ሲያመጡት ዐረብኛውን ረስቶታል፤ በእኛ ቋንቋ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«ደም ለሚፈሰው ሰው ውሃ አይሰጥም ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ይገድለዋል» አለች። «ስለዚህ ከንፈሩን ብቻ በጨርቅ እያረጠብኩ አደርኩ። እሱ ግን እጄን ይዞ አንድ ቃል ይደጋግም ነበር። አልገባኝም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ እጠራዋለሁ። ታማኝ ይላል። ታማኝ፣ ታማኝ። ማነው?»

መጀመሪያ እንደ እሷ አፍ ነው የሰማሁት፤ ታማኝ። በእኛ ቋንቋ የማይከዳ ማለት ነው ልላት ነበር። ከዚያ ገባኝ። እነሱ ጠ የሚለው ፊደላችን አይሆንላቸውም። ታማኝ አላለም ወንድሜ። ጠማኝ ነው ያለው።

አሮጊቷ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«ሀቦባ» አልኳት፤ «የእኔ ስም ነው።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንተን ነበር የሚጠራው!» አለች። «ይኸው መጣህለት። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው መጣህለት።» አለቀሰች፤ ከዚያም እንደ መገላገል ሣቀች።

መሄጃዬ ሲደርስ ጉልበቷን ስሜ መንገድ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ «ታማኝ! ታማኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። በሁለት እጇ ቅል ሙሉ ውሃ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች፣ በዚያ ፀሐይ ወደ እኔ ትመጣለች።

«መንገዱ ሩቅ ነው» አለችኝ። «ጠጣ።»

ተቀበልኳት። እያየችኝ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።